ማንቲስ ሽሪምፕን ሪፉጂየም ውስጥ ማኖር

ከላይቭ ሮክ (ከባሕር የመጣ፣ ሕይወት ያለበት ድንጋይ) ጋር ወደ ባሕር ውኃ አኳሪየም ተደብቆ የሚገባ ማንቲስ ሽሪምፕ (ምርኮውን በኃይለኛ ምት የሚያድን ሽሪምፕ መሰል እንስሳ) አብዛኛውን ጊዜ የሚታወቀው በሥራው ነው፤ ሌሊት ከድንጋዩ ውስጥ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ይሰማል፣ ጠዋት ደግሞ ተፈረካክሶ ባዶውን የቀረ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ይገኛል። ድምፁ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ፒስቶል ሽሪምፕም ያንኑ ያሰማል። ቅርፊቱ ሲታከልበት ግን ጥርጣሬው ይጠነክራል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ለመግደል ይቸኩላል፤ አያስፈልግም። ሪፉጂየም (ከዋናው ገንዳ ጋር ውኃ የሚጋራ፣ አልጌ የሚበቅልበት የተለየ ክፍል) ያለው ሰው ለትንሽ ማንቲስ የሚሆን ቤት አለው። ማስጨነቅ ያለበት እንስሳው ሳይሆን የክፍሉ ቀዳዳ ነው።

በመጀመሪያ ግን ዓይነቱን ለዩ። ከድንጋይ ጋር የሚመጡት ባብዛኛው ምርኮአቸውን መትተው የሚሰብሩት ቀጥቃጮቹ ናቸው፤ ለምሳሌ ከካሪቢያን አካባቢ የሚመጣው ኒዮጎኖዳክቲለስ ዌነሬ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ላይ ይቆማል። ለሱ ከ30 እስከ 40 ሊትር የሚይዝ ክፍል ይበቃዋል። ፒኮክ የሚባለው ባለ ብዙ ቀለም ዝርያ እስከ 18 ሴንቲ ሜትር ስለሚደርስ የራሱ ገንዳ ይሻል። አሸዋ ውስጥ አድፍጠው በጦር የሚወጉት ትልልቆቹ ደግሞ ጥልቅ አሸዋ ስለሚፈልጉ ሪፉጂየም አይሆናቸውም።

ከድንጋዩ ለማውጣት መዶሻና መሮ አታንሱ። ድንጋዩን በአኳሪየሙ ውኃ በተሞላ ባልዲ ላይ ያዙና ክብ፣ አፉ የጸዳ ቀዳዳ ፈልጉ። ምንም ጣዕም ያልተጨመረበት ጋዝ ያለው ውኃ በስሪንጅ ጥቂት ወደ ውስጥ ግፉ። ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ስለማይችል ተስፈንጥሮ ባልዲው ውስጥ ይወድቃል። በእጅ አትያዙት። በ2004 በታተመ ጥናት የፒኮክ ምት በሴኮንድ ወደ 23 ሜትር እንደሚፈጥን ተለክቷል፤ ከምቱ ጋር የሚፈጠሩት አረፋዎች ሲፈነዱ ደግሞ ሁለተኛ ምት ያክላሉ። ትንሹ ዝርያ ያን ያህል ኃይል ባይኖረውም ጣት ለመሰንጠቅ አያንስም።

አሁን ወደ ቀዳዳዎቹ። ሪፉጂየሙ ሰምፕ (ከዋናው ገንዳ ሥር የሚቀመጥ የማጣሪያ ገንዳ) ውስጥ ከሆነ ውኃው በመከፋፈያ መስታወቶቹ አልፎ ወደ መመለሻ ፓምፑ ይሄዳል፤ ማንቲሱም በዚያው መንገድ መሄድ ይችላል። ፓምፑ ጋ ከደረሰ ወይ እሱ ይሞታል፣ ወይ ፓምፑ ይቆማል። በመውጫው ላይ ቀዳዳው ከ5 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ የፕላስቲክ መረብ አስሩ፤ እንስሳው ገና ትንሽ ከሆነ ከዚያም የጠበበ። ስፖንጅ አይሆንም፣ ይቦጫጭቀዋል። መረቡን በተቻለ መጠን ሰፊ አድርጉት፤ የአልጌ ቁርጥራጭ ትንሹን መረብ በአንድ ሌሊት ሊደፍነው ይችላል፣ ያኔ ውኃው ከክፍሉ አልፎ ወለል ላይ ይፈሳል። በየሳምንቱ በብሩሽ ማጽዳትና ከውኃው ወለል እስከ ገንዳው ጠርዝ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ባዶ መተው ከዚህ ያድናል። ከዋናው ገንዳ ከፍ ብሎ ተሰቅሎ ውኃውን ቁልቁል በሚለቅ ሪፉጂየም ግን አልመክርም፤ መረቡ ከተላቀቀ ማንቲሱ በቀጥታ ዓሦቹ መሃል ነው የሚወርደው።

ማሞቂያውንና የመስታወት ቴርሞሜትሩን ከክፍሉ አውጡ። ድንጋዮቹን አሸዋ ላይ ሳይሆን በቀጥታ የገንዳው ወለል ላይ አስቀምጡና ከዚያ አሸዋውን አፍስሱ፤ እንስሳው ሥሩን ሲቆፍር ድንጋዩ ተንዶ እንዳይጫነው።

መኖሪያው ከምንም በላይ ነው። ለ6 ሴንቲ ሜትር እንስሳ የውስጥ ስፋቱ ከ15 እስከ 20 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 18 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ የፒቪሲ ቱቦ፣ መሃሉ በክርን የታጠፈ፣ ሁለት አፍ ያለው። ውስጡ መዞር መቻል አለበት፤ በጣም ከሰፋ ግን ያልተሸሸገ ይመስለዋል። ግማሹን አሸዋ ውስጥ ቅበሩ፣ አፎቹን ከመብራቱ አዙሩ፣ በአጠገቡም የተሰባበረ ድንጋይ በትኑ፤ በሩን የሚዘጋው በሱ ነው። የሪፉጂየም መብራት ለአልጌው ሲባል ብርቱ ነው፤ በተለይ በፒኮኮች ላይ ቅርፊት የሚበላው በሽታ ከብርቱ ብርሃንና ከማይመች ዋሻ ጋር ተያይዞ ይታያል። ኬቶሞርፋውን (የሪፉጂየሙን አልጌ) በመብራቱ በኩል ሰብስባችሁ ሌላኛውን ጎን ጨለማ ማድረግ ይሻላል። ከለመደ በኋላ በቱቦው አፍ ላይ ሁለት ዓይኖች ይወጣሉ፤ አንዱ ወደ ላይ ሲያይ ሌላው ወደ ጎን ይሽከረከራል፣ እያንዳንዱም መሃሉን የሚያቋርጥ መቀነት አለው። ለዚህ እይታ ብቻ እንኳ ድካሙ አይቆጭም።

አልጌውና ጥቃቅኖቹ ኮፔፖዶች በነበሩበት ይቀጥላሉ። ቀንድ አውጣ፣ ሸርጣንና ሌላ ሽሪምፕ ግን ምግብ ናቸው፤ እንዲኖሩ የምትፈልጓቸውን እዚያ አታስቀምጡ። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ አንድ ሴንቲ ሜትር የማይሞላ የሽሪምፕ ወይም የክላም ሥጋ በረጅም ወረንጦ አቅርቡ፣ አልፎ አልፎም የሚሰብረው ቀንድ አውጣ ስጡት። የተረፈውን በማግስቱ አንሱ፤ ውኃው ከዋናው ገንዳ ጋር አንድ ስለሆነ የበሰበሰው ሁሉ ወደዚያም ይደርሳል።

በዚሁ ምክንያት ለዓሦቹ መዳብ ያለበት መድኃኒት ዋናው ገንዳ ውስጥ ከገባ ማንቲሱ ይሞታል። የታመመ ዓሣ በሌላ ዕቃ ይታከም። የሙቀት መጠኑ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ፣ ጨዋማነቱ በአንጻራዊ እፍጋት ሲለካ 1.025 አካባቢ ይሁን። የሚተነውን የሚተካው ጨው የሌለው ንጹሕ ውኃ በየዕለቱ፣ ቢቻል በአውቶማቲክ መሙያ ይግባ፤ ትነቱ ጎልቶ የሚታየው ሰምፕ ላይ ነውና።

ምግብ እምቢ ብሎ የቱቦውን በሮች ከደፈነ ቅርፊቱን ሊቀይር ነው። አንዳንዴ ከሳምንት በላይ ይቆያል። ቱቦውን አታንሱ፣ በሩን አትክፈቱ፤ አዲሱ ቅርፊት እስኪጠነክር መምታትም መከላከልም አይችልም። ተጥሎ የሚገኘው አሮጌ ቅርፊት ሙሉ ሬሳ ይመስላል፤ ብርሃን የሚያሳልፍና ውስጡ ባዶ ከሆነ እንስሳው በሕይወት አለ።

አልጌ ስትቀንሱ ደግሞ መጀመሪያ ማንቲሱ ቱቦው ውስጥ መሆኑን አረጋግጡ። ካልታየ የአልጌውን ጉብታ በወረንጦ ይዛችሁ ውኃው ውስጥ እንዳለ ቀስ ብላችሁ አራግፉና ጥቂት ጠብቁ፤ ሲያድን ብዙ ጊዜ የሚደበቀው እዚያው መሃል ነው።