ላቡስ በየት ይወጣል?

ለንደን ውስጥ ብስክሌት ቤት የሠራ ሰው ያውቀዋል። ጃኬት ገዢ የሚመጣው አንዴ ከበሰበሰ በኋላ ነው። በጠራራ ፀሐይ የዝናብ ጃኬት የሚገዛ እስካሁን አላጋጠመኝም። በሩ ላይ ቆሞ ውሃ እያንጠባጠበ፣ "ደህና ውሃ የማያስገባ አላችሁ?" ይላል። ያኔ የአለቃችን ፊት ይፈካል።

አለቃችን ያለው ምክር አንድ ነው፦ ቁጥሩን ንገሩት፣ ጃኬቱ ውሃ የሚቋቋምበትን። 20,000 ከ10,000 ይበልጣል፤ ዋጋውም እንደዚያው። ደንበኛ ቁጥር ሲሰማ ይረጋጋል፣ ኪሱም ይፈታል። አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር መጀመሪያ የሚማረው ይህንን ነው። ብስክሌት መንዳት መቻሉን እንኳ የሚጠይቀው የለም።

ያን ሰሞን መስቀያው ላይ ሼክድራይ የምትባል አንዲት ጥቁር የዝናብ ጃኬት ቀርታ ነበር። ምርቱ ስለቆመ መተኪያ የላትም። ለሚያውቃት ወርቅ ናት። እንደ ሌሎቹ ከላይ ጨርቅ የላትም፤ ውሃ የሚከላከለው ስስ ሽፋን፣ ሜምብሬን የሚሉት፣ ራሱ ነው የውጪ ገጿ። ዝናብ ይንከባለልባታል እንጂ አትጠጣውም። ሁለቴ አራግፈው ኪስ ውስጥ መክተት ነው። ጉዷ ያው ገጿ ነው። የጀርባ ቦርሳ ማንገቻ ትከሻዋን ፈትጎ ፈትጎ ይጨርሳታል። ዋጋዋ 250 ፓውንድ፣ መጠኗ ደግሞ ትንሽ። ለአብዛኛው ደንበኛችን እጅጌዋ እንኳ አልገባ ብሎ ተሰቅላ ቀረች። አለቃችን በሷ በኩል ባለፈ ቁጥር ይተነፍሳል።

አንድ ዝናባማ ጠዋት አንድ ትልቅ ሰው ገቡ። ቀጭን፣ አጠር ያሉ፣ ሽበታም። ውጪ ያሰሩት የድሮ የብረት ኮርስ ነው፤ በደንብ የተያዘ፣ ሰንሰለቱ የሚያብረቀርቅ። ጀርባቸው ላይ ትልቅ ቦርሳ አለ። አዩኝና በአማርኛ፣

"ሐበሻ ነህ አይደል?"

"አዎ ጋሼ።"

"ተመስገን። በል እንግዲህ እንዳያታልሉኝ።"

የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። የመጀመሪያውን አውቶቡስ የሚያወጣ ሹፌር ወደ ሥራው በአውቶቡስ አይሄድም መቼም። ሌሊት በኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ላይ በብስክሌት ወደ ጋራዡ ይወርዳሉ። ቦርሳው ውስጥ ዩኒፎርም፣ ምሳ እና ፔርሙዝ አለ። በጉብዝናቸው አዲስ አበባ ኮርስ ይነዱ እንደነበር ሳልጠይቅ ነገሩኝ። የለንደንን ዝናብ እንደ ዝናብ አይቆጥሩትም። እውነትም፣ አዲስ አበባ በዓመት የሚዘንበው ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ነው፣ ለንደን 600 ገደማ። "ግን የኛው ወርዶ ወርዶ ይለይለታል" አሉ። "የነዚህ ቀኑን ሙሉ ያለቅሳል።"

እኔ አፌን ሳልከፍት አለቃችን ያችን ጥቁር ይዞ ከተፍ አለ። አለበሳቸው። ልክክ አለች። የጨዋታው ፍጻሜ መሰለኝ። አለቃችን ቁጥሩን አወረደው፤ ውሃ መቋቋሟ ይህን ያህል ሺህ፣ ማስተንፈሷ ይህን ያህል ሺህ። ጋሼ በጥሞና ሰሙና ወደኔ ዞሩ።

"ምንድነው ይሄ ሁሉ ሺህ?"

"የመጀመሪያው ውሃው ነው ጋሼ። ጨርቁ ላይ የውሃ ዓምድ ያቆሙበታል። 10,000 ካለ የ10 ሜትር ውሃ ቢጫነውም አያሳልፍም ማለት ነው።"

"እኔ ላይ 10 ሜትር ውሃ ማን ያቆምብኛል?"

"ማንም።"

"እሺ። ውሃ ካላስገባ ላቡስ በየት ይወጣል?"

እዚህ ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም ስንት ዓመት ስሸጥ እንዲህ ቀጥ አድርጎ የጠየቀኝ ደንበኛ አላስታውስም። ሁሉም "ያስተነፍሳል?" ይላል፣ "አዎ" ትለዋለህ፣ ይከፍላል። አሜሪካዊው ቦብ ጎር እ.ኤ.አ. በ1969 የሼክድራይ ዓይነቱ ሜምብሬን የሚሠራበትን ቴፍሎን የሚባል ፕላስቲክ በድንገት ስቦ ከለጠጠው ወዲህ መልሱ ያው አንድ ነው። የተለጠጠው ነገር በጣም ጥቃቅን ቀዳዳ አለው። የጎር ኩባንያ እንደሚለው አንዱ ቀዳዳ ከውሃ ጠብታ 20,000 ጊዜ ያንሳል፣ ከእንፋሎት ሞለኪውል ደግሞ 700 ጊዜ ይበልጣል። ጠብታው አይገባም፣ የላቡ እንፋሎት ይወጣል። ይህን አስረዳኋቸው።

"ሁሉም ይወጣል?"

"አይወጣም ጋሼ።"

ይቺን በአማርኛ ነው ያልኳት፣ አለቃችን አጠገባችን ቆሞ እየሳቀ ራሱን ይነቀንቃል።

ከዚያ ወዲያ አፌ ተፈታ። ማስተንፈሱ 10,000 ነው ሲባል በ24 ሰዓት በአንድ ካሬ ሜትር ጨርቅ 10,000 ግራም እንፋሎት ያልፋል ማለት ነው። ለ24 አካፍለው፤ በሰዓት 400 ግራም ቢል ነው። ዳገት ላይ የሚታገል ሰው ደግሞ በሰዓት አንድ ሊትር ሊያልበው ይችላል። የተረፈው የት ይሄዳል? ሸሚዝህ ላይ። ያውም ቁጥሩ የተለካው ላቦራቶሪ ውስጥ ነው፣ ዝናብ እየወረደበት አይደለም። መለኪያ ዘዴው ራሱ ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ የአንዱን 20,000 ከሌላው 20,000 ጋር ማወዳደር ከንቱ ነው። እንፋሎቱ ደግሞ የሚወጣው ውስጡ ሞቆ፣ ውጪው ቀዝቀዝና ደረቅ ሲል ነው። ሞቅ ባለ ዝናብ፣ አየሩ ራሱ እርጥበት ጠግቦ፣ ወዴት ይውጣ?

"ስለዚህ" አልኳቸው፣ "ብስክሌት ላይ ወይ ከውጪ ትረጥባለህ ወይ ከውስጥ። ጃኬት የሚመርጥልህ አንዱን ነው። በቁጥር ከማመን በዚፕ ማመን ይሻላል። ብብቱ ሥር ዚፕ ያለው፣ የፊቱም እየነዱ በአንድ እጅ የሚወርድ።"

"ይቺ ብብቷ ሥር አላት?"

"የላትም። ደግሞ ያ ቦርሳዎት ትከሻዋን ይበላታል። ይተዉዋት።"

ቀስ ብዬ ነው የተናገርኩት፣ ፊቴን እንደ ሻጭ አሳምሬ። ጋሼ ሰሙ። አሰቡ። ከዚያ ወደ አለቃችን ዞረው፣ አውቶቡስ ላይ የተለማመዱትን ጥርት ያለ የለንደን እንግሊዝኛ አወጡ፦

"ይሄ ልጅ አትግዛት ይለኛል። እውነቱን ነው?"

መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ሰውዬውን ከ250 ፓውንድ ኪሳራ ላውጣ ብዬ እንጀራዬ ላይ ቆሜያለሁ፣ እሳቸው ለአለቃዬ እማኝ አድርገው ያቀርቡኛል። እንዳያታልሉኝ ያሉት ማንን ኖሯል? አለቃችን አየኝ። ጆሮዬ ጋለ። እሱ ግን ፈገግ አለና፣

"እኛ ቤት ለደንበኛ እውነቱን ነው የምንናገረው" አላቸው። "እኔ ነኝ ያስተማርኩት።"

ጋሼ ጨበጡት። ሞቅ አድርገው፣ በሁለት እጅ።

የቀረው ቶሎ አለቀ። ማሳያ ብስክሌት ላይ አስቀምጬ ሌሎቹን አስሞከርኳቸው። ቆሞ በመስታወት ጃኬት መምረጥ ለሰርግ ነው። ኮርስ ላይ ጎንበስ ስትል ጀርባው ይሸሻል፣ እጅጌው ያጥራል፣ ሆዱ ላይ ጆንያ ይሆናል። ጀርባው ረዘም ያለ፣ አንጓው ላይ የሚጣበቅ፣ ውስጡ ስፌቱ ሁሉ በቴፕ የተለበጠ፣ ከዚፑ ኋላ መሸፈኛ ያለው አንድ ቢጫ ተገኘ። ባለ ሦስት ንብርብር ነው፤ ሜምብሬኑ በጨርቅ መሃል ስላለ ቦርሳውን ይችላል። ሌሊት ለሚሄድ ሰው የሚያንጸባርቅ መስመርም አለው። ኮፍያ ያለውን እሳቸው ራሳቸው ጣሉት፤ ዞሮ ማየት ስለሚከለክል። ሹፌር ናቸዋ።

ፓራፋንጎም፣ የጎማ ጭቃ መከላከያውን፣ አስገባሁላቸው። ግማሹ ውሃ ከሰማይ ሳይሆን ከገዛ ጎማህ ነው የሚመጣው፤ ጀርባ ላይ ያችን የጭቃ መስመር ያየ ያውቃታል። ጃኬቱና ፓራፋንጎው ተደምረው ከጥቁሯ በጣም ያነሱ ነበሩ። ጋሼ ግን ቅናሽ ጠየቁ። ማንን? እኔን። በአማርኛ። "ለወገን" ብለው።

ሲወጡ ስለ አጠባቡ ነገርኳቸው። ማለስለሻ የሚባል ነገር አይንካው። ከላይ ያለው ውሃ የሚያንከባልለው ቅብ ሲያልቅ ጨርቁ ውሃ ይጠጣል። ሜምብሬኑ ውሃ አያስገባም፣ ግን እንፋሎቱ መውጫ ያጣል፣ ጃኬቱም ይቀዘቅዛል። ደንበኛው "አፈሰሰ" ብሎ ይዞ ይመጣል። አብዛኛው አላፈሰሰም፤ የራሱ ላብ ነው። ማጠብና፣ ምልክቱ ከፈቀደ፣ በለዘብተኛ ሙቀት ማድረቅ ብዙውን ጊዜ ቅቡን ይቀሰቅሰዋል። ፍሎሪን ያለባቸው ኬሚካሎች እየተከለከሉ ስለሆነ የአሁኖቹ ቅቦች ቶሎ ይደክማሉ፤ ስለዚህ ደጋግሞ መቀባትም አለ።

ጥቁሯን በኋላ አንድ የክለብ ልጅ ወሰዳት። ቦርሳ የለው፣ ምን የለው። ቁጥርም አልጠየቀም። ሲያያት ዓይኑ እንባ ሊያቀርር ምንም አልቀረው። አለቃችን ያን ቀን ለሁላችንም ቡና ገዛ።

አሁን ሥልጠናው ተሻሽሏል። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ አለቃችን የአውቶቡስ ሹፌሩን ታሪክ ያወራል። በሱ ትረካ ስለ ቦርሳው ያስተዋለው እሱ ነው። 10,000ን ለ24 ያካፈለውም እሱ ነው፣ በቃሉ። እኔ በታሪኩ ውስጥ አስተርጓሚ ነኝ። ከዚያ ታሪኩን ይጨርስና፣ "ለማንኛውም ቁጥሩን ንገሯቸው" ይላል።

ጋሼ ደግሞ የጋራዡን ሹፌሮች መላክ ጀመሩ። ሁሉም ገብተው የሚጠይቁት "ያንን ሐቀኛ ሥራ አስኪያጅ" ነው።

ታኅሣሥ ላይ ራሳቸው ተመልሰው መጡ። ቢጫውን ለብሰዋል።

"እንዴት ሆነልዎት ጋሼ?"

"ጃኬቱ ምንም አይወጣለት። እጄን ግን ብርዱ ጨረሰኝ። ጓንት አልነገርከኝም።"

ነግሬያቸው ነበር። አውጥቼም አሳይቻቸው ነበር። "ይሄ እጅ ስንት መሪ አይቷል" ብለው የሳቁብኝ እሳቸው ናቸው። ይህን ላስታውሳቸው ስል አለቃችን ከመጋዘን ብቅ አለ።

"ጋሼ!" አላቸው።

ቃሏን ከኔ ነው የለቀማት። ተቃቀፉ። ጓንቱን እሱ ራሱ መርጦ፣ እሱ ራሱ 10 በመቶ ቀንሶ ሸጠላቸው። እኔ ያንኑ ጓንት ለራሴ ስጠይቀው የሠራተኛ ቅናሽ ጓንትን አይጨምርም ብሎኛል።