ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ቢጫ

ዛሬ ሲከፋኝ ዋለ። ይህ ነው የምለው ምክንያት የለውም። እንዲያውም ለቤታችን የደስታ ቀን ነው፤ ልጄ 12 ዓመት ሞልቷት ጠዋት ከእናቷ ጋር ሄዳ መታወቂያዋን ይዛ መጣች። በማሌዥያ ዜጋ የሆነ ልጅ ሰማያዊውን ካርድ፣ «ማይካድ» የሚሉትን፣ የሚይዘው በዚህ ዕድሜው ነው። ካርዱ ላይ ረጅም ቁጥር አለ፤ የመጀመሪያዎቹ ስድስት አኃዞች የልደት ቀኗ፣ ቀጣዮቹ ሁለቱ የተወለደችበት ግዛት ናቸው። ፎቶግራፉ ላይ ከንፈሯን ገጥማ፣ ሹሩባዋን ወደ ኋላ አስይዛ፣ ትልቅ ሰው መስላለች። ደጋግማ ካሳየችን በኋላ የቤተሰቡ ሰነድ ከሚቀመጥበት መሳቢያ እንዳስገባላት ሰጠችኝ። መሳቢያውን ስከፍት የእኔ ፓስፖርት ከላይ ተቀምጧል። አሥር ሰዓት ገደማ እንደ ልማዱ ዝናቡ ወረደ፤ እኔም እዚያው ቁጭ ብዬ ቀረሁ።

ፓስፖርቴ ውስጥ ያለውን ፈቃድ የምታውቁኝ ታውቁታላችሁ። የዜጋ ባል በመሆኔ የተሰጠኝ የረጅም ጊዜ የማኅበራዊ ጉብኝት ፈቃድ ነው፤ ጊዜው ሲደርስ ባለቤቴ አብራኝ ሄዳ ትፈርማለች፣ ይታደሳል። በዚህ አገር ስኖር ክፉ ቃል የተናገረኝ ሰው የለም። ሠርቼ እበላለሁ፣ ግብር እከፍላለሁ፣ የማላዩም የቻይናውም የህንዱም በዓል ሲደርስ ተጠርቼ እሄዳለሁ። ሕጉ ግን የዜጋ ሚስትንና የዜጋ ባልን በአንድ ዓይን አያይም። የማሌዥያ ወንድ ያገባች የውጭ አገር ሴት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 15 መሠረት በጋብቻዋ ዜግነት መጠየቅ ትችላለች፤ የማሌዥያ ሴት ያገባ የውጭ አገር ወንድ አይችልም። ይህ ነገር በተነሣ ቁጥር ባለቤቴ ትቆጣለች፤ ቁጣዋም ልክ ነው። የምትቆጣው ለእኔ ብቻ አይደለም። ውጭ አገር የወለደች የማሌዥያ እናት ዜግነቷን እንደ አባት ለልጇ ማስተላለፍ አትችልም ነበር፤ ይህን የሚያስተካክለው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያለፈው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2024 ነው። የእኛ ልጅ እዚሁ ስለ ተወለደች ነገሩ አልነካትም።

ከእኛ በላይ ባለው ወለል አንድ ጃፓናዊ ጡረተኛ ከሚስታቸው ጋር ይኖራሉ። እሳቸው የመጡት «ማሌዥያ ሁለተኛ ቤቴ» በሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በተጀመረው መርሐ ግብር ነው። በእሳቸው ጊዜ ፈቃዱ ለ10 ዓመት ይሰጥ ነበር። በ2021 ደንቡ ጠበቀ፤ ባንክ የሚቀመጠው አንድ ሚሊዮን ሪንጊት (የማሌዥያ ገንዘብ ነው)፣ የወር ገቢው 40,000 ሪንጊት ሆነ። በ2024 እንደገና ተለወጠና በብር፣ በወርቅና በፕላቲነም ደረጃ ተከፈለ፤ 150,000 ዶላር ላስቀመጠ አምስት ዓመት፣ 500,000 ላስቀመጠ 15፣ አንድ ሚሊዮን ላስቀመጠ 20 ዓመት። በዚያ ላይ ቤት መግዛት ግዴታ ነው። ሕንፃውን የሚጠብቀው ኔፓላዊ ደግሞ ሌላ ዓይነት ፈቃድ አለው። ውሉ ሲያልቅ ፈቃዱ ያልቃል፣ ሚስቱንና ልጆቹን ማምጣት አይፈቀድለትም፣ የቱንም ያህል ዓመት ቢያገለግል ዓመቶቹ ለቋሚ ነዋሪነት አይቆጠሩለትም። በዐረብ አገሮች ያሉ እህቶቻችን ይህን ኑሮ ሳይነገራቸው ያውቁታል። ከሁላችንም ይልቅ ሌሊቱን ቆሞ የሚያድረው ሰው ከሁላችንም ያነሰ መብት ያለው መሆኑ ይቆጨኛል። ሰላም ሲለኝ ዓይኑን ማየት የሚከብደኝ ቀን አለ።

ዛሬ ግን ሐሳቤን የወሰዱት ፓቲ ናቸው።

ፓቲ የአማቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ ልጄ በታሚልኛ አያቴ ስትላቸው ሁላችንም ፓቲ ማለት ለመድን። ቆርቆሮው ማዕድን ቻይናውያንን፣ ጎማው ታሚሎችን በገፍ ባመጣበት በእንግሊዞች ዘመን ወላጆቻቸው ከደቡብ ህንድ መጥተው ፔራክ በምትባለው ግዛት በአንድ የጎማ እርሻ ተቀጠሩ። ፓቲ የተወለዱት ለሠራተኛ በተሠራ የመስመር ቤት ውስጥ ነው። በልጅነታቸው ጎህ ሳይቀድ ተነሥተው ከእናታቸው ጋር ዛፍ ያደሙ ነበር። አንድ ጊዜ አሳይተውኛል። ጫፉ በታጠፈ ቢላዋ የዛፉን ቅርፊት ወደ ታች ዘንበል አድርገው እንደ ወረቀት ስስ አድርገው ላጡት፤ ወዲያው ነጩ ወተት ወጥቶ በተላጠው መስመር እየተንሸራተተ ከሥር ወደ ታሰረችው ኩባያ መንጠባጠብ ጀመረ። «ጠልቀህ ከቆረጥክ ዛፉ ይቆስላል፤ ካልጠለቅክ አይሰጥህም» አሉኝ። ሥራው ፀሐይ ሳይበረታ ማለቅ አለበት፤ ሙቀት ከመጣ ወተቱ ይደርቃል። እጃቸው ዛሬም አልረሳውም።

ያኔ ማላያ ትባል የነበረችው አገር ነጻ የወጣችው እ.ኤ.አ. ኦገስት 31 ቀን 1957 ነው። ከዚያች ቀን በኋላ እዚያ ምድር ላይ የተወለደ ልጅ በመወለዱ ብቻ ዜጋ ሆነ፤ ይህ ሕግ እስከ 1962 ቆይቷል። አማቴ ከነጻነት በኋላ ስለ ተወለዱ ማንም ምንም አልጠየቃቸውም። ፓቲ የተወለዱት ቀደም ብለው ስለ ነበር መመዝገብ ነበረባቸው። ማን ይንገራቸው? በአዋላጅ እጅ እቤት የተወለደች ልጅ የልደት ወረቀት የላት፣ ወላጅ ፊደል አልቆጠረ፣ ቢሮው ሩቅ፣ የአንድ ቀን ሥራ ማጣት የአንድ ቀን እራት ማጣት። እንዲህ ሆኖ ስንቱ የእርሻ ሰው ቀይ ካርድ ይዞ ቀረ። ቀዩ ካርድ የቋሚ ነዋሪ ነው። አንድ እናት የወለደቻቸው፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ያደጉ እህትና ወንድም፣ ወንድም ባለ ሰማያዊ፣ እህት ባለ ቀይ። ምርጫ ሲመጣ አማቴ ሊመርጡ ይገባሉ፤ ፓቲ ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ ከዛፍ ሥር ቆመው ይጠብቋቸዋል።

እ.ኤ.አ. በ2018 መንግሥት ዕድሜያቸው 60 ለሞላና ቀይ ካርድ ለያዙ ህንዳውያን ዜግነት እንደሚሰጥ አስታወቀ። ልጆቹ ወረቀቱን ሞሉላቸው፣ ጠበቁ፣ ሰማያዊው መጣ። በኖቬምበር 2022 ምርጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸውን ሰጡ። በማግስቱ ልንጠይቃቸው ስንሄድ የግራ እጃቸውን ሌባ ጣት ከውኃው አርቀው፣ ቀለሙ እንዳይለቅ ተጠንቅቀው፣ በሌሎቹ ጣቶቻቸው ሰሐን ሲያጥቡ አገኘናቸው። ባለቤቴ አቅፋቸው አለቀሰች። እኔም ደስ አለኝ፤ ደስታዬ ውስጥ ግን እስከ ዛሬ ያልወጣ ንዴት አለ። ያን ሁሉ ዘመን ያ ካርድ ማንን ጠቀመ? የተወለዱበትን መሬት ከእሳቸው ማን በልጦ ያውቀዋል?

ይህን እያሰብኩ ሳለ የሰፈራችን ሙሴ ትዝ አሉኝ። ሙሴ አርመናዊ ጫማ ሠሪ ነበሩ፤ ተወልደው ያደጉት አዲስ አበባ ነው። በአማርኛ ተረት የሚረታቸው አልነበረም፣ ለቅሶ ሲሆን ከዕድሩ ሰው ቀድመው ድንኳኑ ሥር ይገኛሉ፣ የአባቴን ጫማ ሦስት ጊዜ ከጠገኑ በኋላ አራተኛውን ገንዘብ አልቀበልም ብለው አባቴን አስቀይመዋል። አርመኖች ለአገራችን ያደረጉት ቀላል አይደለም። ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው ወላጅ አልባ ልጆች፣ «አርባ ልጆች» የተባሉት፣ የማርሽ ባንድ ሆነው ቤተ መንግሥት ገቡ፤ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ደግሞ እስከ አብዮቱ ድረስ የቆመንለትን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሱ። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ ብዙዎቹ አገሩን ለቀቁ። ሙሴ አልሄዱም። ቢሆንም እስኪሞቱ ድረስ ቤታቸው በእኛ አፍ «የፈረንጁ ቤት» ነበር። ተወልደው በአረጁበት ሰፈር! ያረፉ ጊዜ ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ ቀብሯቸዋል፤ የሰፈሩ ሰው ፍቅሩን አልነፈጋቸውም። ፍቅርና መብት ግን ለየቅል መሆናቸውን ያወቅሁት እዚህ መጥቼ እኔም እንግዳ ስሆን ነው።

ሻሸመኔ ያሉት ራስታዎችስ? ንጉሡ በሰጧቸው መሬት ልጅ ወልደው፣ የልጅ ልጅ አይተው፣ መታወቂያ እንደሚሰጣቸው መንግሥት ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። በቅርቡ ደግሞ የእኛም ምክር ቤት የውጭ ዜጎች ቤት እንዲኖራቸው የሚፈቅድ አዋጅ አጽድቋል፤ ዝቅተኛው መጠን 150,000 ዶላር ነው። የማሌዥያው የብር ደረጃ ላይ ያለው ቁጥር! ገንዘቡ መምጣቱ መልካም ነው፣ አገር ያስፈልጋታል። ነገር ግን ሙሴ ጫማ ጠግነው ይህን ከየት ያመጡት ነበር? አገር ለሚከፍላት በር ስትከፍት፣ ዕድሜውን ለሰጣትም አንድ በር ልትተውለት ይገባል ብዬ አምናለሁ። ይህን ማሌዥያን ስለምወድ፣ ኢትዮጵያንም ስለምወድ ነው የምለው።

አሁን የራሴን ልናገር። በጋብቻ ባይሆንም በመኖር ብዛት የሚጠየቅ ዜግነት እዚህ አለ፤ ከ12 ዓመት ውስጥ 10ሩን የኖረና ማላይኛ በበቂ የሚችል ማመልከት ይችላል። መስጠት አለመስጠቱ የመንግሥት ፈንታ ነው። ባለቤቴ እንሞክር ትለኛለች። እሷ የምትፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሷ አንድ ነገር ብትሆን የእኔ መኖር በማን ፊርማ ይታደሳል? ፍርሃቷ ይገባኛል። ነገር ግን ማሌዥያ ጥምር ዜግነት አትፈቅድም፤ የእኛም አዋጅ 378/1996 በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የያዘ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን እንደ ተወ ይቆጥረዋል። ያን ጊዜ አዲስ አበባ የምገባው በትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ በቢጫው ካርድ ነው። ቢጫው ካርድ ያለ ቪዛ ያስገባል፣ ያኖራል፣ ያሠራል። አያስመርጥም። በተወለድኩበት ከተማ፣ እናቴ በምትኖርበት ቤት፣ ፓቲ ፔራክ ውስጥ የነበሩትን እሆናለሁ ማለት ነው። እሳቸው ሳያውቁ የወደቁበትን እኔ በፊርማዬ ልገባበት።

ካልሆነ ደግሞ እንዲህ እንቀጥላለን። እዚህ ባለቤቴና ልጄ ዜጋ፣ እኔ ነዋሪ። ነገ አዲስ አበባ ብንገባ እኔ ዜጋ፣ ባለቤቴ ነዋሪ። ሦስታችንም ማንም ሳይፈቅድልን አብረን የምንኖርበት አገር በዚህ ምድር ላይ የለም። ይህን ለልጄ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም፤ ካርዷን እያየች ስትስቅ መንገር አልቻልኩም።

እማዬ በደወለች ቁጥር ከጤናዬ ቀጥሎ የምትጠይቀኝ «መቼ ነው ጠቅልለህ የምትገባው?» ብላ ነው። እሁድ ትደውላለች። ማመልከቻውን ሳስገባ ለእሷ መንገር አለብኝ፣ ሳልነግራት አላደርገውም። ልጄና እናቷ ዜጋ በሆኑበት አገር እኔ በሚታደስ ፈቃድ ከመኖርና እናቴ በወለደችኝ ከተማ በቢጫ ካርድ ከመግባት የቱን ልምረጥ? እማዬስ የትኛውን ይቅር ትለኛለች?