ለሰባተኛው ወር ማን ይከፍላል?

አሜሪካ ውስጥ የምኖርበት ካውንቲ፣ ኦፒዮይድ የተባሉትን ሱስ አስያዥ የሕመም ማስታገሻዎች በማሰራጨት የተከሰሱ ኩባንያዎች ከከፈሉት ካሳ የደረሰውን ገንዘብ ለማን እንደሚሰጥ የሚመክር ኮሚቴ አቋቁሟል፤ እኔም አባል ነኝ። ሙያዬ የማዋለጃ ክፍል ነርስነት ስለሆነ ከእናቶች ጋር እንሠራለን የሚሉት ማመልከቻዎች ወደ እኔ ይመጣሉ። ልጆቼ ከተኙ በኋላ የሰው በጀት ሳነብ አመሻለሁ። አበል የለውም፤ ንዴት ግን በሽ ነው።

ገንዘቡ ከየት መጣ ለምትሉ፣ ባጭሩ፦ በፈረንጆቹ 2021 (ዓመቶቹን ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ነው የምጠራው) ሦስቱ ትልልቅ የመድኃኒት አከፋፋዮች፣ ማኬሰን፣ ካርዲናል ሄልዝና አሜሪሶርስበርገን፣ በ18 ዓመት ውስጥ እስከ 21 ቢሊዮን ዶላር፣ ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ደግሞ እስከ 5 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ። ሌሎች ስምምነቶች ሲታከሉ ድምሩ ከ50 ቢሊዮን ዶላር ይበልጣል። በአከፋፋዮቹ ስምምነት መሠረት ቢያንስ 85 በመቶው ኦፒዮይድ ያደረሰውን ጉዳት ለመጠገን መዋል አለበት። ቅድሚያ ይሰጣቸው ተብለው ከተዘረዘሩት ሥራዎች አንዱ ደግሞ ነፍሰ ጡሮችንና የወለዱ እናቶችን ማገዝ ነው። ስለዚህ «ለእነሱ የሚሆን ገንዘብ የለም» የሚል ባለሥልጣን ካጋጠማችሁ ሰነዱን አላነበበውም ማለት ነው።

እኔን የሚያናድደኝ የጊዜው ነገር ነው። ከማነባቸው ማመልከቻዎች አብዛኞቹ እናቲቱን ከእርግዝናዋ እስከ ወሊድ ይከተሏታል፤ ከዚያ የስድስተኛው ሳምንት ምርመራ ሲደርስ «አገልግሎቱ ተጠናቀቀ» ብለው ያሰናብቷታል። በማሳቹሴትስ የኦፒዮይድ ሱስ ባለባቸው ወላዶች ላይ ተሠርቶ በ2018 የታተመ ጥናት ያሳየው ግን ሌላ ነው። ኦቨርዶዝ (ከልክ በላይ ዕፅ መውሰድ) ከሁሉም ዝቅ የሚለው በእርግዝናው የመጨረሻ ሦስት ወር ነው። ከሁሉም የሚብሰው ከወሊድ በኋላ ከሰባተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ወር ባለው ጊዜ ነው። አደጋው ሲመጣ በጀቱ ካለቀ ወራት አልፈዋል።

ምክንያቱ ለእኔ ዓይነቷ ሠራተኛ እንግዳ አይደለም። ነፍሰ ጡር ሳለች ሁሉም ሰው ያያታል፤ ቀጠሮ አላት፣ ሐኪም አላት፣ በሆዷ ላለው ልጅ ስትል ራሷን ትይዛለች። ከወለደች በኋላ ቀጠሮው ሁሉ የልጁ ይሆናል። እንቅልፍ የለም፣ ድባቴ ይመጣል፣ ሕክምናዋን የምታቋርጠውም ትበዛለች። ልጇን የተወሰደባት ደግሞ ለማን ብላ? ለወራት ዕፅ ያልነካ ሰውነት የመቋቋም አቅሙን አጥቷል። ድሮ ትወስደው የነበረው መጠን፣ ያውም ፌንታኒል የተባለው እጅግ ኃይለኛ ኦፒዮይድ ያልተቀላቀለበት ማግኘት በሚያዳግትበት በዛሬው ገበያ፣ ይገድላታል። የእናቶችን ሞት የሚመረምሩ የ36 ስቴቶች ኮሚቴዎች ከ2017 እስከ 2019 የደረሰውን ሲያጠቃልሉ፣ ከእርግዝና ጋር ለተያያዘ ሞት ቀዳሚው መንስኤ የአእምሮ ጤና ችግር ነው ብለዋል፤ ራስን ማጥፋትና ኦቨርዶዝም እዚያው ውስጥ ይቆጠራሉ። ከሞቶቹ ሁሉ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነውን መከላከል ይቻል ነበር።

ሜዲኬይድ፣ ማለትም ገቢያቸው ዝቅ ላሉ ሰዎች የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን፣ ይህን ቀድሞ የገባው ይመስላል። ድሮ የእርግዝና ሽፋኑ ከወሊድ በኋላ 60 ቀን ብቻ ነበር። በ2021 የወጣው ሕግ ስቴቶች ወደ 12 ወር እንዲያራዝሙት ፈቀደና ከሚያዝያ 2022 ጀምሮ ሁሉም ማለት ይቻላል ተቀብለውታል። ካርዱ አለ። ካርዱን ይዛ ክሊኒክ ድረስ የምትሄድበት መኪና፣ ትልልቆቹን ልጆች የሚይዝላት ሰው፣ ያልተቋረጠ ስልክ ግን በካርዱ ላይ አልተጻፈም። ለኦፒዮይድ ሱስ የሚሰጠውን ሜታዶን የምትወስድ እናት በተለይ በመጀመሪያው ሰሞን ብዙ ጊዜ በየማለዳው ክሊኒክ መድረስ ይኖርባታል፤ ጨቅላ ታቅፋ፣ የመኪና ወንበሩን ተሸክማ፣ በአውቶቡስ።

ለዚህ ነው በዚህ ዙር ካነበብኳቸው ሁሉ አንዷን ማመልከቻ የወደድኳት። ያቀረቡት ራሳቸው ከሱስ ያገገሙ እናቶች ናቸው። ጽሑፉ ግድፈት ይበዛበታል፤ ሆስፒታሎቹ እንደሚልኩት በባለሙያ የተጻፈ አይደለም። በጀታቸው ቤንዚን፣ የስልክ ክፍያ፣ ናሎክሶን (ኦቨርዶዝን የሚቀለብስ፣ በአፍንጫ የሚረጭ መድኃኒት፤ የንግድ ስሙ ናርካን)፣ ዳይፐር፣ የሁለት ሰው ደመወዝ ነው። እናቲቱን ዓመቱን ሙሉ በየሳምንቱ እናያታለን ይላሉ።

ከኮሚቴው አባላት አንዱ ጡረታ የወጡ የሒሳብ ባለሙያ ናቸው፤ ጨዋ ሰው፣ ግን ሳንቲም አያልፋቸውም። «ዳይፐር ኦቨርዶዝ ይከላከላል?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄው ሳቅ አስነሣ፤ እኔ ግን አልሳቅሁም፣ ምክንያቱም ደህና ጥያቄ ነው። የመለስኩላቸው እንዲህ ነው፦ በራሪ ወረቀት ይዞ ለመጣ ሰው ማንም በር አይከፍትም። የሕፃናት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ልጄን ይወስድብኛል ብላ የምትፈራ እናትማ ጭራሽ መብራቷን ታጠፋለች፤ በበርካታ ስቴቶች በእርግዝና ጊዜ ዕፅ መጠቀም በሕፃን ላይ እንደሚፈጸም በደል ስለሚቆጠር ፍርሃቷ ከንቱ አይደለም። ዳይፐር ይዛ የምትመጣ፣ ያንኑ መንገድ ያለፈች ሴት ግን ትገባለች። ከገባች ደግሞ መድኃኒቱ እንዳልተቋረጠ ታያለች፣ ናርካኑ የት እንደተቀመጠ ትጠይቃለች፣ አብሯት ለሚኖረው ሰው አረጫጨቱን ታሳየዋለች። ራሷን የሳተች ሴት ለራሷ መርጨት አትችልምና ከእናቲቱ ይልቅ እናቷ፣ እህቷ ወይም ባሏ ቢማሩ ይሻላል። ናርካን በ2023 ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዲሸጥ ተፈቅዷል፤ ያኔ ሁለቱ መርጫ በ45 ዶላር ገደማ ነበር። ከዳይፐርና ከናርካን አንዱን መምረጥ ያለባት እናት የቱን እንደምትገዛ መገመት አያቅትም።

«እሺ፣ ውጤቱን በምን እንለካዋለን?» አሉ ቀጥለው። በአንድ ካውንቲ በዓመት የሚሞቱት እናቶች ቁጥር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ትንሽ ነው፤ ዘንድሮ ሁለት ሆኖ ከርሞ አንድ ቢሆን ፕሮግራሙ ሠርቷል ማለት አይቻልም። እኔ የምቆጥረው በአሥራ ሁለተኛው ወር ስንቷ እናት የሱስ ሕክምናዋ ላይ (ቡፕረኖርፊን በሚባለው መድኃኒት ወይም በሜታዶን) እንዳለች፣ ስንቷስ አሁንም ስልክ እንደምታነሣ ነው።

አንዱን ማመልከቻ ግን ያለማቅማማት ዜሮ ሰጠሁት። እናቶቹ እርዳታ ለማግኘት መጀመሪያ ሜታዶንም ቡፕረኖርፊንም ያቁሙ ይላል። በእርግዝና ጊዜ የሚመከረው ሕክምና እኮ እሱ ነው! ድንገት ማቆም ማገርሸትን ይጋብዛል፤ ማገርሸት ደግሞ ሬሳ ነው። የግንዛቤ ማስጨበጫ ቢልቦርድ ለመትከል የጠየቁትንም ብዙ አልራራሁላቸውም።

ትንንሾቹን ማኅበራት የሚገድለው ሌላው ነገር አከፋፈሉ ነው። ብዙ የመንግሥት ግራንት (የድጋፍ ገንዘብ) መጀመሪያ ከኪሳችሁ አውጡ፣ በደረሰኝ እንመልሳለን የሚል ነው። ሆስፒታል ሦስት ወር ይጠብቃል፤ ሁለት ደመወዝተኛ ያለው ማኅበር ይዘጋል። የፌዴራሉ ደንብ ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ለቢሮ ኪራይ፣ ለሒሳብ ሥራና ለመሳሰለው ያለ ድርድር የሚያዘውን ድርሻ ከ10 ወደ 15 በመቶ አሳድጎታል፤ ጥሩ ነው፣ ግን እሱም ቢሆን የሚመጣው ከወጪው በኋላ ከሆነ የቤት ኪራይ አይጠብቅም። እኔ ያቀረብኩት ሐሳብ የመጀመሪያው ሩብ ዓመት በቅድሚያ ይከፈል የሚል ነው። ክርክሩ አላለቀም።

ያለቀው አንድ ነገር ነው። ለሚቀጥለው ዙር ማመልከቻ ቅጽ አንድ ጥያቄ እንዲጨመር ጠየቅሁ፦ «በሰባተኛው ወር እናቲቱ ጋ የሚደውለው ማን ነው? ደመወዙስ ከየትኛው የበጀት መስመር ይወጣል?» ሒሳብ ባለሙያው ወዲያው ደገፉኝ፤ በተለይ ሁለተኛውን ክፍል ወደዱት። መልሱ ግን ከ100 ቃል እንዳይበልጥ አጥብቀው ጠይቀዋል።