«ናኑ ናኑ ነይ»ን ከአስቴር ራዳ መማር

ሰላም ጓዶች። ድምፅ መለማመድ ከጀመርኩ ሦስት ወር ሞላኝ። ያለፈው ጽሑፌ ስለ ትንፋሽ ነበር፤ የዛሬው ስለ አንድ ዘፈን ብቻ ነው።

«ናኑ ናኑ ነይ» የሙሉቀን መለሰ ነው። እኔ ያወቅኩት ከአባቴ ካሴት ነው። አንድ ወር ሙሉ ልክ እንደ ሙሉቀን ልዘፍነው ታገልኩ። ያ ቅላጼ ግን የእሱ ብቻ ነው። ከፍ ስል ጉሮሮዬ ይያዛል፤ ዝቅ ስል ዘፈኑ ይሞትብኛል። ልተወው ስል አንዲት ጓደኛዬ አስቴር ራዳ የዘፈነችውን ላከችልኝ።

አስቴር ቤተ እስራኤል ናት። ወላጆቿ ከኢትዮጵያ ተነስተው በሱዳን በኩል እስራኤል ገቡ። እሷ በ1985 እ.ኤ.አ. ኬብሮን አጠገብ ባለችው ቂርያት አርባ ተወለደች። ጊዜው ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል የተወሰዱበት የዘመቻ ሙሴ ጊዜ ነው። ወደ 8,000 የሚጠጋ ሰው ከሱዳን በአውሮፕላን ተወሰደ። በእግር ጉዞውና በመጠለያው ያለቀው ደግሞ በሺዎች ይቆጠራል። ይህን ሳላውቅ ብሰማው «ጥሩ ሙዚቃ ነው» ብዬ አልፈው ነበር። አሁን ግን አማርኛው ራሱ ያንን በረሃ በእግሩ ተሻግሮ እሷ ጋ እንደደረሰ ይሰማኛል።

በውትድርና አገልግሎቷ በጦሩ የሙዚቃ ቡድን ዘፍናለች። ቲያትርና ፊልምም ሠርታለች። በራሷ ስም የመጀመሪያ አጭር አልበሟን በ2013፣ ሙሉ አልበሟን በ2014 እ.ኤ.አ. አወጣች። ሶል፣ ፈንክ፣ ኢትዮ ጃዝ አንድ ላይ ነው። የኒና ሲሞንን ዘፈኖችም ሠርታለች። ዕብራይስጥ በሚነገርበት አገር ያደገች ልጅ፣ አብዛኛውን በእንግሊዝኛ ትዘፍንና መሃል ላይ አማርኛ ታመጣለች። «አይሁዳዊት ናት ወይስ ኢትዮጵያዊት?» ሲባል እሰማለሁ። አንዱን ምረጪ ማለት እኔ አይዋጥልኝም። ሁለቱንም ናት።

ወደ ልምምዱ ልመለስ። አስቴር ሙሉቀንን ለመምሰል አትሞክርም። ተዋናይነቷ የረዳት ይመስለኛል፤ ቃሉን ፊቷ ለቆመ ሰው እንደምትናገረው ነው የምትዘፍነው። እኔም ዜማውን ለጊዜው ተውኩትና ግጥሙን ብቻ ማለት ጀመርኩ፣ በር ላይ ቆሜ ሰው እንደምጠራ። ለካ «ነይ»ን ያለ ልክ እየጎተትኩት ነበር! ሰው ስንጠራ «ነይ» አጭር ነው። መጨረሻው ለስለስ ብሎ ይወርዳል። እንደዚያ እያልኩ ቀስ ብዬ ወደ ዜማው ስመለስ ጉሮሮዬ ተፈታ።

በስልኬ አሥራ አራት ጊዜ ቀድቼዋለሁ። አሥራ አንደኛው ላይ ታናሽ እህቴ ከጓዳ ብቅ ብላ «ጠራሽኝ እንዴ?» አለችኝ። ድምጿ ቅጂው ውስጥ ገብቷል። አላጠፋሁትም።

አሁን ቶኑን ዝቅ አድርጌ በከበሮ ብቻ እየሞከርኩት ነው። የሚቀጥለው ሳምንት እልክላችኋለሁ።