ለቤት ወርክሾፕ የብረት ባንድ ሶው የመረጥሁበት መንገድ

ድሬዳዋ ሳቢያን በሚገኘው ግቢያችን ጥግ ባለች ጠባብ ወርክሾፕ ውስጥ በርና መስኮት፣ መደርደሪያና የጠረጴዛ እግር እሠራለሁ። ለረጅም ጊዜ ብረት የምቆርጠው በግራይንደርና ባለ 355 ሚሊ ሜትር ዲስክ በሚይዘው ካት ኦፍ ነበር። ካት ኦፍ ሥራ ያፈጥናል፤ ነገር ግን ዲስኩ ብረቱን የሚፈጨው በመሆኑ የተቆረጠው ጫፍ ይግላል፣ ከብየዳ በፊት በሞረድ መነሳት ያለበት ሹል ትራፊም ይቀርበታል። የእሳት ፍንጣሪውና የዲስኩ ብናኝ ከድሬዳዋ ሙቀት ጋር ሲደመር በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር መሥራት ይከብዳል፤ ጩኸቱም ቀትር ላይ ለሚያርፉ ጎረቤቶች የሚቻል አልነበረም። ባንድ ሶው፣ ማለትም ቀበቶ የመሰለ ጥርሳም ምላጭ በሁለት ጎማዎች ላይ እየዞረ የሚቆርጥ መጋዝ፣ ለመግዛት የወሰንሁት በእነዚህ ምክንያቶች ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ ያጣራሁት የምላጩን ፍጥነት ነው። የአናጢ ባንድ ሶው ምላጩ ብቻ ቢቀየር ብረት ይቆርጣል ብለው የሚመክሩ ሰዎች አሉ፤ ይህን ምክር መቀበል አይገባም። የእንጨት ባንድ ሶው ምላጩን በደቂቃ ብዙ መቶ ሜትሮች ሲያስሮጥ፣ ተራ የግንባታ ብረት የሚፈልገው በደቂቃ ከ20 እስከ 40 ሜትር ብቻ ነው፤ ከዚያ እጅግ በላይ ከሆነ ጥርሶቹ ወዲያውኑ ግለው ይደነዝዛሉ። ልዩነቱ ቺንጋው (የሞተሩ ቀበቶ) የሚዞርበትን ፑሌጃ በመቀየር ብቻ የሚጠብ ስላልሆነ የብረት መጋዝ በሞተሩና በጎማው መካከል ፍጥነት የሚቀንስ ጊርቦክስ ይኖረዋል። አሉሚኒየም የሚቆርጥ ሰው ከፍ ያለ ፍጥነት ስለሚያስፈልገው ቺንጋውን በማዛወር ሦስት ፍጥነት የሚሰጥ ማሽን ቢመርጥ ይጠቀማል።

ለጠባብ ቦታ የሚሆኑት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው በእጅ የሚያዘው ሲሆን ክብደቱ ከ6 እስከ 8 ኪሎ ይደርሳል፤ ማቆሚያ ከተሠራለት ጠረጴዛ ላይም ይሠራል። ሁለተኛው ክንዱ በራሱ ክብደት እየወረደ የሚቆርጠው፣ በተለምዶ 4 በ6 ኢንች የሚባለው ነው፤ ክንዱ ቀጥ ብሎ ሲቆም ትንሽ ጠረጴዛ ተገጥሞለት ላሜራ በቅርጽ ለመቁረጥም ያገለግላል። እኔ ሁለተኛውን መረጥሁ። አንድ ዓይነት ልክ ደጋግሜ ስለምቆርጥ፣ መጋዙ በራሱ ሲወርድ የሚቀጥለውን ብረት መለካት እችላለሁ። ከዚህም በላይ 1638 ሚሊ ሜትር የሆነው የምላጭ ርዝመቱ ብዙ አምራቾች የሚጋሩት ልክ ስለሆነ፣ በከዚራና በመጋላ ሱቆች ባይገኝ እንኳ ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ጠቅልሎ በሻንጣ ሊያመጣው ይችላል። ምላጩ የማይገኝለት መጋዝ የቱንም ያህል ቢረክስ መግዛት አያዋጣም።

የኤሌክትሪኩንም ነገር በጥንቃቄ አየሁት። ለ110 ቮልትና ለ60 ኸርዝ የተሠራ ማሽን በትራንስፎርመር ቢነሳ እንኳ፣ ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን (ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚመላለስበትን ቁጥር) ስለማይቀይር፣ ካርቦን (ብሩሽ) የሌለው ሞተር በእኛ 50 ኸርዝ ላይ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ሙቀቱም ይጨምራል። የእንዲህ ያለው ሞተር ጉልበት የሚወርደው በቮልቱ ስኩዌር ልክ ነው፤ 220 የነበረው ወደ 180 ሲወርድ ከጉልበቱ የሚቀረው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ብቻ ነው። ኃይል በሚዋዥቅበት ሰፈር የሚሠራ ሰው ሞተሩ ከበቂ በላይ አቅም እንዲኖረው ማድረግ አለበት።

ለግዢ ስሄድ በባቡር ድርጅቱ ወርክሾፕ ያረጁ አንድ ጡረተኛ ጎረቤቴን ይዣቸው ሄድሁ። ስለ ሞተሩ ስጠይቅ ሰምተው «ልጄ፣ ሞተሩን ተወውና ሞርሳውን አሳየኝ» አሉኝ። የሚቆረጠውን ብረት አጥብቆ የሚይዘውን የሞርሳውን ተንቀሳቃሽ መንጋጋ ጨብጠው ወዘወዙት፤ ከዚያም ስኳድራቸውን (የማዕዘን መለኪያቸውን) ከቋሚው መንጋጋ ጋር አስደግፈው ከምላጩ ጋር ሲገናኝ በመካከል ብርሃን ያልፍ እንደሆነ ጎንበስ ብለው ተመለከቱ። ምላጩን በሚመሩት ኩሽኔታዎች መካከል የነበረውን ክፍተት ካስተካከሉ በኋላ፣ ከወፍራም ድፍን ብረት ላይ እንደ ሳንቲም የሳሳ ቁራጭ ቆርጠን የላይና የታች ውፍረቱን በካሊፐር ለካነው። ሁለቱ ልኮች ከተቀራረቡ ማሽኑ ቀጥ አድርጎ ይቆርጣል ማለት ነው፤ ያ ፈተና ከማንኛውም የሻጭ ማብራሪያ ይልቅ አሳምኖኛል። ቀጥ ብሎ ለመቁረጥ መሪዎቹ ኩሽኔታዎች በተቻለ መጠን ወደ ብረቱ ተጠግተው መታሰር እንዳለባቸውም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

የጥርስ ምርጫ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በአንድ ኢንች 14 ጥርስ ባለው ምላጭ ላይ ከጥርስ እስከ ጥርስ 1.8 ሚሊ ሜትር ገደማ አለ። ስለዚህ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው አንጎላሬ (የማዕዘን ብረት) ላይ ሦስት ጥርስ በአንድ ጊዜ ያርፋል፤ ይህም በቂ ነው። ውስጡ ባዶ የሆነው ቱቦላሬ 1.5 ሚሊ ሜትር ግድግዳ ግን በሁለት ጥርሶች መካከል ገብቶ ጥርሱን ይነቅላል። ስለዚህ ለቱቦላሬ ባለ 24 ጥርሱን እገጥማለሁ፣ የክንዱንም ጫና አቀላለሁ። ከተራው ይልቅ ጥርሱ ከጠንካራ የመቁረጫ ብረት፣ ጀርባው ከሚለመጥ ብረት የተሠራውን ባይሜታል ምላጭ እመርጣለሁ፤ ዋጋው ከፍ ቢልም ዕድሜው ይክሰዋል። አዲስ ምላጭ በመጀመሪያዎቹ ቆረጣዎች ከተለመደው ግማሽ በሚሆን ጫና መጀመር አለበት። ከዚያ በኋላ የምከታተለው ፍቅፋቂውን ነው፤ ተጠቅልሎ ብርማ መልኩን እንደያዘ ከወደቀ ሁሉ ነገር ደህና ነው፣ እንደ ዱቄት ከሆነ ጫናው አንሷል፣ ወደ ሰማያዊ ካደላ ደግሞ ጫናው ወይም ፍጥነቱ በዝቷል።

ካት ኦፉን አልሸጥሁትም። እንደ መኪና ባሌስትራ ያለ በሙቀት የጠነከረ ብረት ሲመጣ አስቀድሜ ጠርዙን በሞረድ እሞክረዋለሁ፤ ሞረዱ ሳይነክስ ከተንሸራተተ ያ ብረት ባንድ ሶው ላይ አይወጣም፣ በዲስክ ይቆረጣል።