ሳይነካ የሚመለሰው ምሳ ዕቃ

ደብረ ብርሃን ላይ ብርድ አዲስ ነገር አይደለምና፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዋ የእህቴ ልጅ ባለፈው ዓቢይ ጾም በቀትር ፀሐይ ጋቢ ተከናንባ ስትንቀጠቀጥ ማናችንም ልብ አላልንም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየጾመች ነው ብለን ደስ ብሎን ነበር። ነገር ግን ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾምበት በበዓለ ሃምሳም ምሳ ዕቃዋ እንደ ተከደነ ይመለስ ጀመር፤ ስከፍተው እንጀራው ጠርዙ ደርቆ፣ ሽሮው ረግቶ አገኘሁት። ቀስ ብዬ ስጠይቃት፣ የክፍል ልጆች «በርሜል» እያሉ እንደሚጠሯት፣ አንዳንዴም የበላችውን ሆን ብላ እንደምታስመልስ እያለቀሰች ነገረችኝ።

ማስመለስ ሲደጋገም የጨጓራ አሲድ የጥርስን ሽፋን ይበላል፤ በደም ውስጥ ያለውን ፖታሲየም ስለሚያወርድም የልብን ምት ሊያዛባ ይችላል። እንዲህ የሚያደርግ ልጅ የግድ ከሲታ አለመሆኑ ደግሞ ወላጅን ያዘናጋል።

አሜሪካ ውስጥ በሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች፣ ተመሳሳይ ጾታ የሚያፈቅሩ ወጣቶች ከእኩዮቻቸው ይበልጥ እንደሚንጓጠጡና ክብደት ለመቀነስም ጎጂ መንገዶችን አብዝተው እንደሚጠቀሙ አሳይተዋል። በእኛ አካባቢ ይህ ጉዳይ በግልጽ አይነሳም፤ የተናቀ ልጅ ገላውን እንደሚቀጣ ግን በቤቴ አይቻለሁ።

ሐኪም ዘንድ ወሰድናት፣ የክፍል ኃላፊዋንም አነጋገርን። አሁን ቅዳሜና እሑድ ምሳ ከእኔ ጋር ትበላለች፤ ስለ ክብደት አናነሳም። ባለፈው እሑድ ግማሽ እንጀራ በላች፣ ጋቢውንም ራሷ አውልቃ ወንበሩ ላይ ጣለችው።