የዘይት ልክና ውሃ ልክ፦ የሦስተኛው ቅያሬዬ ማስታወሻ

ባለፈው ቅዳሜ የመኪናዬን የሞተር ዘይት ለሦስተኛ ጊዜ በራሴ እጅ ቀየርኩ። የመጀመሪያው ቅያሬ ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ሁለተኛው ሁለት ሰዓት ፈጅቶብኝ ነበር፤ የአሁኑ በአንድ ሰዓት ከሩብ አለቀ። ከዚህም ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህሉ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አሮጌው ዘይት ተንጠፍጥፎ እስኪያልቅ መጠበቅ ነው። እንደ እኔ ጀማሪ ለሆናችሁ ጓደኞቼ የሆነውን ሁሉ፣ ያበላሸሁትንም ጭምር፣ እጽፋለሁ።

መኪናዋ ባለ ደብል ጋቢና ቶዮታ ሃይሉክስ፣ ባለ 2.8 ሊትር የናፍጣ ሞተር ናት። የምንኖረው ሱሉልታ ነው። ጠዋት የእንጦጦን ትከሻ ተሻግሬ በአዲሱ ገበያ በኩል ወደ አዲስ አበባ እወርዳለሁ፤ ማታ ያንኑ ዳገት እመልሳለሁ። ከአስፋልቱ እስከ ቤታችን ያለው ኮረኮንች በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ነው። አምራቾች እንዲህ ያለውን አነዳድ ከባድ አገልግሎት ስለሚሉት 10,000 ኪሎ ሜትር ሳልጠብቅ በየ5,000 እቀይራለሁ።

ራሴ ለመቀየር የተነሳሁት በቁጭት ነው። አንድ ጋራዥ የሰጠኝ ደረሰኝ «7 ሊትር ዘይት፣ አንድ ፊልትሮ» ይላል። ማኑዋሉን ከፍቼ ሳነብ ይህ ሞተር ፊልትሮው ሳይነካ ሲቀየር 7 ሊትር፣ ከፊልትሮው ጋር ሲቀየር 7.5 ሊትር እንደሚወስድ አየሁ። ታዲያ ግማሽ ሊትሩ የት ሄደ? ተኝቼ ከሥር ስመለከት ፊልትሮው በደረቀ ጭቃ ተለስኗል፤ የሰው እጅ ከነካው ቆይቷል። እኔ ግን የከፈልኩት ለአዲስ ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ ደግሞ ያለንን ሞተር እንደ ዓይን ብሌን መጠበቅ ግድ ሆኗል።

የመጀመሪያው ቅያሬ ላይ ሁለት ባለ 4 ሊትር ጀሪካን ገዛሁ። 7.5 ሊትር መሆኑን እያወቅሁ «ግማሽ ሊትር ለምን ይተርፋል» ብዬ ስምንቱንም ሊትር ገለበጥኩት። የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥቼ ሳየው ከላይኛው ምልክት በታች ነው። ደስ አለኝ። ከሰዓት በኋላ ግን መኪናዋን አዙሬ ካቆምኩ በኋላ ስለካ ከምልክቱ በላይ ሆኖ ተገኘ። ጠርጌ ደገምኩት፤ ያው ነው።

ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። በአጥሩ በኩል ሲያዩኝ ቆይተው ጠሩኝ።

«አንተ ልጅ፣ ጠዋት አፍንጫዋን ወደ በሩ አድርገህ ለካህ፤ አሁን ደግሞ አዙረህ ለካህ። የትኛው ነው እውነቱ?»

«የአሁኑ ይመስለኛል፣ ጋሼ።»

«የለም፣ ሁለቱም ውሸት ነው። የሚዋሽህ ግቢህ ነው።»

ሱሉልታ ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው ያንን ከብት የሚግጥበትን፣ ሯጮች በማለዳ የሚለማመዱበትን ሰፊ ሜዳ ነው። የእኛ ቤት ግን ከሜዳው ጠርዝ፣ መሬቱ ወደ ተራራው መነሳት በሚጀምርበት ላይ ነው። ለዓይን ደልዳላ ይመስላል። ጋሼ ጎን ካለው ግንባታ ግንበኞች ውሃ ልካቸውን ተውሰው መጡ፦ ውሃ የተሞላ፣ ውስጡ የሚታይ ረጅም ጎማ ነው። አንዱን ጫፍ የፊት ጎማ ካለበት፣ ሌላውን የኋላ ጎማ ካለበት አጠገብ ይዘን ውሃው ሲረጋ ከመሬት ያለውን ከፍታ ለካን። ልዩነቱ 17 ሴንቲ ሜትር! በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት ሦስት ሜትር ያህል ስለሆነ ይህ ቀላል ተዳፋት አይደለም። ዘይቱ በሞተሩ ሥር ባለው ገንዳ ውስጥ ወደ አንድ ወገን ስለሚሸሽ ዘንጉ የሚያሳየው የዘይቱን ልክ ሳይሆን የግቢዬን ዘንበል ማለት ነበር።

መኪናዋን አስፋልቱ ዳር ካለ ደልዳላ ቦታ ወስጄ ሞተሩን አጠፋሁና አምስት ደቂቃ ጠብቄ ስለካ ዘይቱ ከላይኛው ምልክት አንድ ጣት ያህል አልፏል። የበዛ ዘይት አይጎዳም የሚል ሰው ብዙ ነው። እኔም ከእነሱ አንዱ ነበርኩ። ነገር ግን ዘይቱ ከልኩ ሲያልፍ በፒስተኖቹ ግፊት የሚሽከረከረው የሞተሩ ዋና ብረት፣ ክራንክ፣ ይደርስበትና እንደ እንቁላል ይመታዋል፤ አረፋ የሆነ ዘይት ደግሞ ግፊቱን አይጠብቅም። ስለዚህ ከከብት መድኃኒት ቤት ባለ 60 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ገዝቼ ቀጭን ላስቲክ ገጠምኩበትና በዘንጉ ቀዳዳ በኩል ስምንት ጊዜ መጠጥኩ። ሻጩ ላሟ ምን እንደሆነች ሲጠይቀኝ «ዘይት በዝቶባት ነው» አልኩት።

ወደ ባለፈው ቅዳሜ ልመለስ። ሞተሩን አሥር ደቂቃ አስነስቼ አሞቅኩት፤ የሞቀ ዘይት ቶሎ ይፈሳል፣ ጥቀርሻውንም ይዞ ይወርዳል። በጣም የጋለ ግን እጅ ይልጣል፤ ስለዚህ ጥቂት አቀዝቅዣለሁ። መኪናዋ ከፍ ያለች ስለሆነች ክሪክ አያስፈልግም፤ ካርቶን አንጥፎ መግባት ይበቃል። ከሥር ያለውን መከላከያ ከፈታሁ በኋላ ማፍሰሻ ብሎኑን በ14 ቁልፍ አላላሁት፣ የመጨረሻውን ዙር በእጄ። ዘይቱ መጀመሪያ የሚወጣው ወደ ታች ሳይሆን ወደ ጎን ተወርውሮ ነው፤ ስለዚህ ሳፋውን ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ይህን ሳላውቅ በመጀመሪያው ቀን ግማሹን ሣር አጠጥቻለሁ። ሳፋው የባለቤቴ የልብስ ማጠቢያ ነበር፤ አሁን የእኔ ሆኗል፤ እንዴት የእኔ እንደሆነ አልተርክም።

ፊልትሮው ላይ አንድ ነገር አደራ እላለሁ። አሮጌው ሲወጣ ጥቁሩ ላስቲክ አብሮ መውጣቱን እዩ። ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ከቀረና አዲሱ በላዩ ከታሰረ ዘይቱ በደቂቃዎች ውስጥ መንገድ ላይ ይፈስሳል። የአዲሱን ላስቲክ በአዲስ ዘይት ቀብቼ በእጄ አዞርኩት፤ ከነካ በኋላ ሦስት አራተኛ ዙር ጨመርኩ፣ ከዚያ በላይ አልነካሁም። የብሎኑንም ሮንዴላ ቀየርኩ።

በዘይቱ ዓይነት ከጋሼ ጋር አልተስማማንም። እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ቁጥር 40 ሲጠቀሙ ኖረው የእኔን 5ደብሊው-30 በጣታቸው መካከል አሽተው «ይህማ ውሃ ነው» አሉ። ደብሊው ብርድን የምታመለክት ፊደል ናት፤ ከፊቷ ያለው ቁጥር ባነሰ መጠን ዘይቱ በብርድ ቶሎ ይፈሳል። 30 ደግሞ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለውን ውፍረት ያሳያል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ በሚጥልበት የሱሉልታ ማለዳ ዘይቱ አየር ወደ ሞተሩ ገፍቶ የሚያስገባው ተርቦ ዘንድ ፈጥኖ እንዲደርስ እፈልጋለሁ፤ ያ ትንሽ መዘውር በደቂቃ ከመቶ ሺህ ጊዜ በላይ የሚሽከረከረው በስስ የዘይት ንጣፍ ላይ ተንሳፍፎ ነው። የጋሼ ዘይት ለጋሼ ሞተር ትክክል ነበር፤ እኔ የማምነው ማኑዋሉን ነው።

ቀለሙ ቶሎ ቢጠቁር አትደንግጡ፤ የናፍጣ ሞተር ጥቀርሻ ነው። የሚያስደነግጠው ዘይቱ ማኪያቶ ሲመስል ነው፤ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው። ሳይጨመርበት ልኩ ከፍ ካለና ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተም እንዲሁ ወደ ባለሙያ ነው። በዳሽቦርዱ ላይ የምትበራው ቀይ የዘይት መብራት ደግሞ ስለ ግፊት እንጂ ስለ መጠን አትናገርም፤ ስትበራ ዳር ይዞ ሞተሩን ማጥፋት ነው። የቅያሬ ማሳሰቢያውም ኪሎ ሜትር ይቆጥራል እንጂ ዘይቱን አያይም። እኔ ሁለተኛው ቅያሬ ላይ ወደ ዜሮ መመለስ ረስቼ መኪናዋ አዲሱን ዘይት ቀይር እያለች ስትወቅሰኝ ሰንብታለች።

የተቃጠለውን ዘይት ጋሼ ለአጥር ቋሚዎቻቸው ለምስጥ መከላከያ ፈልገውት ነበር። አልሰጠኋቸውም፤ ጉድጓድ ውሃችን ከአጥሩ ስድስት እርምጃ ላይ ነው። ከእንጦጦ ወዲህ የሚወርደው ውሃ ደግሞ ወደ ሙገር ነው የሚሄደው፣ ከዚያም ወደ ዓባይ። በጀሪካን መልሼ በበርሜል ለሚያጠራቅም ጋራዥ አስረከብኩ። ጋሼ ሁለት ቀን አኮረፉኝ።

በዚህ ጊዜ የጨመርኩት 7 ሊትር ነበር፤ ሞተሩን አስነስቼ አጥፍቼ፣ አምስት ደቂቃ ጠብቄ፣ የቀረውን በጥቂት በጥቂቱ። የለካሁት በግቢዬ ውስጥ ነው። ከግንበኞቹ ጋር ውሃ ልክ ይዘን አራት ቦታ በድንጋይና በሲሚንቶ አስተካክለን ጎማዎቹ የሚያርፉበትን በነጭ ቀለም ቀብተናል። በሌላው ቀን ልጆቹ ሰኞ ማክሰኞ ይጫወቱባቸዋል፤ ዘይት በማይበት ጠዋት ብቻ ይለቁልኛል።